እጥፋቱን የሚለቅ ሰው

አናጺውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ሚሊ» በሚለው ስም ነው። ከሚሊሜትር የመጣ ቅጽል ነው። ጣውላ ሳይለካ አይቆርጥም፤ ከለካም በኋላ ቶሎ አይቆርጥም። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ያሰምራል፣ ራቅ ብሎ ያያል፣ ከዚያ «እስቲ ለማንኛውም» ብሎ ሜትሩን እንደገና ይዘረጋል። ሚስቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፣ ያውም የልጆች ልብስ ሰፊ። የቤታቸው የፊት ክፍል የእሷ ስፌት ቤት ነው፤ ጓሮው የእሱ ነው። መሃል ባለችው ክፍል ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ከዚያ ቤት ራት በልቶ ከጥርሱ መሃል ወይ የክር ቁራጭ ወይ የእንጨት ብናኝ ሳያወጣ የተነሳ እንግዳ የለም።

የልጅ ልብስ መስፋት የራሱ ዘዴ አለው። ልጅ ዛሬ ተለክቶ ሲሄድ ያው ነው፤ ከርሞ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ሱሪም ይሁን ቀሚስ ስትሰፋ አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ከታች ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋለች። ልጁ ሲረዝም ስፌቱን ትተረትርና እጥፋቱን ትለቀዋለች፣ በካውያ ትተኩሰዋለች፤ ያው ሱሪ አንድ ዓመት ይጨምራል። የሰፈሩ እናቶች እሷ ዘንድ የሚጎርፉት ለዚህች አራት ጣት ሲሉ ነው። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ትሕትና ከምትታማባቸው ነገሮች አንዱ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ቤተ ክርስቲያናቸው ጥቂት ሰዎችን ለአንድ ወር ባሕር ማዶ ላከች። እዚያ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ልጆች የሚያድጉበት ቤት አለ። ቤቱን የሚመሩት አሮጊት የእነሱው አገር ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ለአንድ ዓመት ብለው ሄደው ፀጉራቸው እዚያው ሸበተ። ልጆቹ «ትልቋ እናት» ይሏቸዋል። ልጆቹ መሬት ላይ ይተኙ ስለነበር ሚሊ አልጋ ሊሠራላቸው ሄደ፤ ሚስቱ ልብስ ልትሰፋላቸው ተከተለችው።

ሚሊ እዚያም ሚሊ ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ እያጋደመ ከአናታቸው እስከ ተረከዛቸው ለካቸው፤ ሁለት ጣት ጨመረና ለእያንዳንዱ በልኩ ቆረጠለት።

«አንተ ሰውዬ፣ አልጋ ነው የምትሠራው ጫማ?» አለችው ሚስቱ፣ ክር በጥርሷ እንደያዘች። «ልጅ እኮ ያድጋል!»

«ሁለት ጣት ጨምሬያለሁ አልኩሽ።»

«ሁለት ጣት! አይ ሚሊ። ከእኔ ሳትማር ልታረጅ ነው።»

እሷ የሰፋችው ሁሉ ግን አራት ጣቱን ሳይጎድል ይዟል። ወሩ ሲያልቅ ልብሶቹን ተኩሳ አለበሰቻቸው፣ ጉንጫቸውን ሳመች፣ መኪና ላይ ወጣች። ልጆቹ እጃቸውን አውለበለቡ። እሷ አገሯ እስክትገባ ድረስ ባሏን በሁለት ጣቱ ስትቀልድበት መጣች።

ዓመት ሳይሞላ ትልቋ እናት በስልክ ደወሉ፣ ፊት ለፊት እያዩ ሊያወሩ። ልጆቹን በየአልጋቸው አጋድመው አሳዩአቸው። የሁሉም እግር በአልጋው ግርጌ በኩል ወጥቶ ወደ እነሱ ያያል። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሚሊ መራራ ነገር እንደቀመሰ ሰው ፊቱን አጨማደደ። ቀጥሎ ልጆቹ ተነስተው ቆሙ። ሱሪዎቹ ቁርጭምጭሚት ትተው ወደ ላይ ወጥተዋል፤ ቀሚሶቹም ከጉልበት በላይ ሸሽተዋል።

«እማማ፣ እጥፋቱን ለምን አልለቀቃችሁላቸውም?» አለች።

«የምን እጥፋት ልጄ?»

«ከታች! ወደ ውስጥ የታጠፈው!»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የአንዱን ልጅ ሱሪ ጫፍ ዳሰሱ። «ይኼ? እኔ አሰፋፉ ነው ብዬ። ለነገሩ ባውቅስ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ክር አያይልኝም። የሚያግዙኝ ሴቶችም ምግቡንና እጥበቱን አልቻሉትም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ እንደተጀመረ ቀረ። ሚሊ በስሌቱ ተሳስቶ ነበር። እሷ ምንም አልተሳሳተችም፤ የባሰውም ይኼ ነው። የሚያስፈልጋቸውን ጨርቅ በሙሉ ከነእጥፋቱ ትታላቸው መጥታለች፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ እግራቸው ሥር ይዘውት ዞረዋል። ያልተወችላቸው ስፌቱን የሚተረትር ሰው ብቻ ነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከበርጩማዋ አልተነሳችም። የሆነውን ለሌላ ሰው ለማስረዳት በኋላ ብዙ ጊዜ ሞክራለች። ብርሃን አላየችም፣ ሰውነቷም አልተንቀጠቀጠም። ነገሩ በቃ ተቆረጠ፤ ተለክቶ፣ ተሰምሮ፣ ተቆረጠ። ደስም አላት፤ ደስታው ራሱ አስገረማት።

«መሄድ አለብን» አለችው ባሏን።

«ለስንት ጊዜ?»

«እስኪያድጉ።»

ሚሊ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ አየው፣ መልሶ ሰካው። «አልጋዎቹን ማስረዘም ይኖርብኛል» አለ። ሚስቱ ታውቀዋለች፤ እሺ ማለቱ ነበር።

ፓስተሩ ዘንድ ሄዱ። ፓስተሩ በእንዲህ ያለ ነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከአንድ ወር ጉዞ የተመለሰ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ሚስዮናዊ እንደሚሆንና በሦስተኛው ሳምንት ወደ ልቡ እንደሚመለስ ብዙ አይተዋል።

«ጥሪ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሏት።

«ፓስተር፣ ሌላው ሰው ድምፅ ሰምቶ ይሆናል። እኔ የሰማሁት የለም። ያየሁት የልጅ ቁርጭምጭሚት ነው።»

ፓስተሩ ሳቁ። ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ። በማግስቱ ራሳቸው ለትልቋ እናት ደወሉ። አሮጊቷም ነገር አላስረዘሙም።

«አምስት ዓመት የማይቀመጥ ሰው አይላኩልኝ። እነዚህ ልጆች ሰው መሸኘት ሰልችቷቸዋል። ከመጻፋቸው በፊት የሚማሩት ለመኪና እጅ ማውለብለብ ነው። መጥቶ፣ አቅፎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ እንግዳ ሞልቶኛል፤ የሚቀር ነው ያጣሁት።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። እሷም አንዷ ነበረች። ግን አልፈራችም፤ አምስት ዓመት ቢሏት አሥር ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ሲላክ መጀመሪያ እጅ የሚጭንበት ቤተሰቡ ነው። ፓስተሩ በጉባኤው ፊት ቤተሰቡን «ትልኳቸዋላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ የሚሰጥ ከሌለ አይጸለይም፤ ካልተጸለየ አይሄድም። ባንድ ወቅት የአንድ ሰው ወንድም ተቆጥቶ ሳይመጣ በመቅረቱ ጉዞው መቅረቱን ሁሉም ያስታውሳል።

«ልጃችሁስ?» አሉ ፓስተሩ።

«ገና አልነገርናትም» አሉ ባልና ሚስቱ።

ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። አግብታ እዚያው ከተማ ትኖራለች፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። እናትየው ይህን ስትሰማ በሰፈሩ ያልነገረችው ሰው አልነበረም፤ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን እንኳ «አያት ልሆን ነው» ብላዋለች።

ራት ላይ ነገሯት። ልጅቷ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት፤ ቀጥሎ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አምስት ዓመት?»

«እስክትወልጂና ደህና እስክትጠነክሪ አንነቃነቅም» አለች እናት።

«አዎ! ልጁ ሊያውቅሽ ሲጀምር ትሄጃለሽ። አፉን ሲፈታ የለሽም። ሲራመድ የለሽም። ትምህርት ቤት ሲገባ የለሽም።»

«ልጄ፣ ስሚኝማ...» አለ ሚሊ።

«አባዬ፣ አንተ እንኳ ተወኝ። አንተ የምትሄደው ለአልጋ ነው።» ወደ እናቷ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ እማዬ። አጠገቤ እንድትሆኚ እኔም ወላጅ አልባ መሆን አለብኝ?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የበሩ ማንጠልጠያ እንኳን አልጮኸም፤ አባቷ የሠራው በር ነዋ።

እናትየው ማዕድ ላይ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ ነው። ጥሪውን ግን አልተጠራጠረችም። የተለካ ነገር አልቅሰው ስላዩት አያጥርም። ልቧን ያቃጠላት ልጇ የተናገረችው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። ሕፃኑ አፉን ሲፈታ በእርግጥም አትኖርም። ስለዚህ ነገሩን ለሰጣት ለራሱ መለሰችለት። «ጌታዬ፣ የጠራኸኝ አንተ ነህ፤ እሷንም አንተው አናግራት። እኔ አፌን ይዣለሁ» አለች። አፏንም ያዘች፤ እሷን የሚያውቅ ሰው ይህ ከጾም ሁሉ የከበደ ጾም መሆኑን ይረዳል።

ልጅቷ ለብዙ ሳምንታት ድርሽ አላለችም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰማያዊ ቀሚሷን በላስቲክ ይዛ ገባች።

«ለእርቅ አይደለም የመጣሁት» አለች ገና ከደጃፉ። «ዚፑ እንቢ ብሎኝ ነው። የሚገባኝ ልብስ አጣሁ።»

«ለዚፑ ከሆነ ግቢ» አለች እናት።

ቀሚሱን ገለበጠችና በምላጭ የጎኑን ስፌት መተርተር ጀመረች። ክሩ ተራ በተራ ሲፈታ ከውስጥ ሰፊ ጨርቅ ወጣ፤ ቀለሙ ፀሐይ ስላልነካው ከላዩ የደመቀ ነው። ልጅቷ ጠጋ ብላ አየችው።

«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ትርፍ ነዋ።»

«መቼ የተውሽው?»

«ስታገቢ። ዕድሜ ልክሽን ቀጭን ሆነሽ ትኖሪያለሽ ብዬ ነበር እንዴ የምሰፋው?»

ልጅቷ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆየች።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ትልቋ እናት ናቸው፤ አጠገባቸው ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ እስክትሄድ ድረስ ቢያንስ ትልልቆቹ ልጆች እጥፋት መልቀቅ እንዲለምዱ በስልክ ልታስተምራቸው ቀጠሮ ይዛ ነበር።

«በመርፌው ጫፍ በሏት እማማ! ክሩን ብቻ ትሳበው። ቀስ! በመቀስ አይደለም፣ በመቀስ አይደለም፣ መቀሱን...»

መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ገባ። ትንሿ ልጅ ቀሚሱን አነሳችና በቀዳዳው በኩል ወደ ስልኩ አየች። ፊቷ ጠቆረ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች፤ መስተዋቱን ነካችና መለሰችው። ቀዳዳው የሚጠገን ነበር፣ ለእሷ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው። ግን እዚያ አይደለችም።

ልጇ ይህን አየች። እናቷ ለማንኛውም ነገር መላ የማታጣ ሴት ናት፤ እንዲህ እጇን አጣምራ አይታት አታውቅም። ስልኩን ከፊቷ ወሰደችው።

«እማማ፣ አይዞሽ በሉልኝ። እኔ ስንት ጨርቅ አበላሽቼ ነው ከዚህ ቤት የተባረርኩት።»

አሮጊቷ ተረጎሙላት። ትንሿ ልጅ በእጇ አፍንጫዋን ጠርጋ አንድ ነገር ጠየቀች።

«አንቺ ልጅ ሳለሽ እጥፋትሽን ማን ይለቅልሽ ነበር ትላለች።»

«እናቴ ናታ። በየዓመቱ። አልወደውም ነበር እንጂ፤ መስመሩ ያሳፍረኝ ነበር።»

«የምን መስመር? ትላለች።»

«እጥፋቱ ሲለቀቅ የድሮው ቦታ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ብትተኩሺውም አይለቅም። ከርሞ ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ መስመር። የክፍሌ ልጆች ቀሚሴ ላይ እየቆጠሩ ይስቁብኝ ነበር።»

«ስንት ነበረሽ? ትላለች።»

«አራት» አለች የልብስ ሰፊዋ ልጅ እየሳቀች። «አራት መስመር! አስቢው።»

ትንሿ ልጅ አራት ጣቷን አውጥታ አየቻቸው፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር አለች። አሮጊቷ ለመተርጎም ዘገዩ።

«ምን አለች እማማ?»

«ምን እባክሽ... ሀብታም ነበረች ማለት ነዋ፣ ነው የምትለው።»

 ልጅቷ ስልኩን ለእናቷ መለሰችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዚፑ ሲያልቅ ቀሚሷን ለብሳ ቦርሳዋን ያዘች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አሁንም አልተስማማሁም» አለች።

«አልጠየቅሁሽም» አለች እናት። ጾሙን መግደፍ አልፈለገችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ባዶ እጇን መጣች። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች። «ምላጩ እንዴት ነው የሚያዘው?»

ይቺ ልጅ መርፌ ስታይ የምትሸሽ፣ ቁልፍ ሲበጠስባት ልብሱን የምትጥል ነበረች። እናትየው ለምን ብላ አልጠየቀችም። ቁራጭ ጨርቅ ሰጠቻት፣ ማጠፍ አሳየቻት፣ መተርተር አሳየቻት። ልጅቷ ጣቷን ወጋች፣ ተራገመች፣ እንደገና ጀመረች። ሆዷ እየገፋ መቀመጥ እስኪያቅታት ድረስ ቅዳሜ አላስተጓጎለችም። ስለ ጉዞው አንድም ቃል አልወጣትም፤ እናትም አላነሳችባትም።

ሕፃኑ ተወለደ፤ ወንድ ነው፣ ደምቦጭ ያለ። አያቱ አቀፈችው፣ አጠበችው፣ በሌለችበት ለሚመጡት ዓመታት ጭምር ጠገበችው፤ ወይም ልትጠግበው ሞከረች። ሚሊ በበኩሉ ጓሮው ውስጥ ስለ አዲስ አልጋ ያስብ ነበር። ግርጌው እንደ መሳቢያ የሚሳብ፣ ልጁ ሲረዝም አብሮ የሚረዝም አልጋ ሠራና ሚስቱን ጠራት። ሳበው፣ መለሰው፣ እንደገና ሳበው።

«ትርፍ ተውኩ» አለ።

«ተመስገን! ተምረህ አረጀህ» አለችው።

እሑዱ ደረሰ። ልጅቷ እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። ባልና ሚስቱ ፊት ተቀመጡ። መዝሙሩ አለቀ፣ ፓስተሩ ጠሯቸው፣ ወጥተው ቆሙ። የቤተሰቡ ወንበር ባዶ ነበር። ፓስተሩ በሩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ እንደገና በሩን አዩ። ልብስ ሰፊዋ ልጇ ካልመጣች እንደማትሄድ ታውቃለች፤ እንደሚሄዱ ደግሞ አምናለች። ሁለቱን በአንድ ልብ ይዛ ቆመች።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ላብ በላብ ሆና ገባች። «ሰማያዊው ቀሚስ እንደገና ሰፋኝና ማጥበብ ነበረብኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለጉባኤው ሁሉ። ሰው ሳቀ። ቀጥ ብላ ፊት ድረስ መጣች።

ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትልኪያቸዋለሽ?»

«እልካቸዋለሁ» አለች። ሕፃኑን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገችው። «ግን ለልጆቹ ይነገርልኝ። አዋስኳቸው እንጂ አልሰጠኋቸውም።»

ሕፃኑን ለአባቷ አሳቀፈችውና ሁለት እጇን እናቷ ራስ ላይ ጫነች። ጉባኤው ዓይኑን ጨፈነ። ፓስተሩ ጸሎት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋም አንገቷን ደፍታ ልትጨፍን ስትል፣ ሚሊ ክንድ ላይ የተንጠለጠሉት የሕፃኑ እግሮች ዓይኗ ውስጥ ገቡ። ያደረገውን ሱሪ አይታው አታውቅም። ከገበያ የተገዛ አይደለም። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ወፍራም ሆኖ፤ አራት ጣት ሳይሆን አምስት ይሆናል። ስፌቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያለ ዞሯል፤ ክሩም ድርብ ነው።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ስፌቱ ጠማማ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም ብለሽ ጸልዪ» አለቻት ልጇ።